ዊንዶውስ 10 «አበቃለት» ከተባለ ወዲህ፦ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን ምን ያስከትላል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይሰጠው የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ ፒያሳም ይሁን አቶቴ፣ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ጥገና ቤት የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ምክሮች አንዱ ይቀርብለታል፤ «አዲስ ግዛ» ወይም «ሊኑክስ ጫንበት»። የመጀመሪያው ኪስ ይጎዳል። ሁለተኛው ኪስ አይነካም፤ ግን ከመጫኑ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፦ አማርኛ በምን እጽፋለሁ? ፕሪንተሬ ይታዘዛል ወይ? ያለሱ የማልውልበት የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ ወይ? ሊኑክስ ጭኖ በሳምንቱ ወደ ዊንዶውስ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ከእነዚህ በአንዱ ተሰናክሎ እንጂ ሊኑክስ ራሱ ከብዶት አይደለም።

«አበቃለት» ሲባል ላፕቶፑ መሥራት ያቆማል?

አያቆምም። ዊንዶውስ 10 ዛሬም ይነሳል፣ ወርድም ይከፍታል። የቆመው ጥገናው ነው። ጣሪያው ዛሬ አያፈስም፤ ቆርቆሮው ሲበሳ ግን የሚደፍነው ሰው ሥራ ለቋል። ማይክሮሶፍት ለሚመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አስቀምጧል፤ እሱም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል።

ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሳደግስ? እዚህ ላይ ብዙ ላፕቶፖች በሩ ላይ ይቀራሉ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የራስዎን ለማወቅ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎ አባውት የሚለውን ይክፈቱና «ኮር አይ 5» ወይም «ኮር አይ 7» ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 4300 ካለ 4ኛ ትውልድ ነው፣ 6200 ካለ 6ኛ፣ 8250 ካለ 8ኛ። ይህን ማጣሪያ አታልሎ ዊንዶውስ 11 መጫን ይቻላል፤ የሚጭኑም ሞልተዋል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም፤ ስለዚህ ከሸሹበት ችግር ብዙም አልራቁም።

ሊኑክስ ምንድን ነው? ኡቡንቱና ሚንትስ?

አንድ የአይሱዙ ሻሲ ያስቡ። አንዱ ጋራዥ የጭነት ቦዲ ይሠራበታል፣ ሌላው የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ያደርገዋል። ሞተሩ ያው ነው፤ ወንበሩ፣ በሩ፣ ቀለሙ ይለያያል። ሊኑክስ በትክክለኛ ትርጉሙ ሞተሩ ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን የሚያዝዘው የውስጥ ክፍል። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀመረው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች ያሳድጉታል። ኪስዎ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክም የሚዞረው በዚሁ ሞተር ነው።

ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ የሚባሉት በዚህ ሞተር ላይ የተገጠሙ ሙሉ መኪኖች ናቸው። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ሊኑክስ ሚንት ይሻላል፤ የመክፈቻ ሜኑው በግራ ታች ነው፣ የተግባር አሞሌው ታች ነው፣ እጅ የለመደውን አያጣም። ሚንት 22 በፈረንጆቹ እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛል። ቢያንስ 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ የዲስክ ቦታ ይፈልጋል፤ ተመቻችቶ ለመሥራት 4 ጊጋ ራምና 100 ጊጋ ቦታ ይመከራል። ሲናሞን የሚባለው ገጽታ ያማረ ነው፤ ራምዎ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ይምረጡ።

አንድ የተጋነነ ነገር ላስተካክል። ሊኑክስ አሮጌ ላፕቶፕን «አዲስ ያደርጋል» ይባላል። ሲነሳ ሊፈጥን ይችላል፤ ክሮም ላይ አሥራ አምስት ገጽ ሲከፈት ግን ራሙን የሚበላው ክሮም ነው፣ እሱም በሊኑክስ ላይ አይጾምም። ላፕቶፑ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ዲስኩን በኤስኤስዲ (በማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) መቀየር ከየትኛውም ሶፍትዌር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ሁለቱ ሲጣመሩ ነው ልዩነቱ ዓይን የሚገባው።

ነፃ ነው የሚለው ክርክር እዚህ አገር ብዙ ሰው አያሳምንም፤ ብዙው ዊንዶውስ በክራክ ተጭኖ በነፃ ሲሠራ የኖረ ነው። ክራኩ ግን እንዲሠራ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላል፤ ከእሱ ጋር ምን አብሮ እንደገባ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ሊኑክስ ላይ አክቲቬት የሚደረግ ነገር ስለሌለ ይህ ጣጣ ከሥሩ ይቀራል።

ዊንዶውሴን ሳልነካ መሞከር እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ይህን እርምጃ መዝለልም አይገባም። 8 ጊጋ ፍላሽ ያዘጋጁ፤ ላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ያውጡት። የሚንትን ፋይል ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋልና ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቢያወርዱት ይሻላል። ፋይሉን ፍላሹ ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ሩፉስ በሚባለው ትንሽ የዊንዶውስ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9ን ደጋግመው ይንኩ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ይምረጡ።

ሚንት ከፍላሹ ላይ ይነሳል፤ ዲስኩን አይነካም። በዚህ ሁኔታ የሚታየው ፍጥነት የፍላሹ ፍጥነት ስለሆነ አይፍረዱበት። ይልቅ እነዚህን ይፈትሹ፦ ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፅ ይወጣል? የብርሃን መቀነሻ ቁልፎቹ ይሠራሉ? ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ይነቃል? ካሜራውስ? ፕሪንተር ካለዎት እዚያው ይሰኩትና አንድ ገጽ ያትሙ። እዚህ ላይ ያልሠራ ነገር ከተጫነ በኋላም በራሱ አይነሳም።

አማርኛ በምን እጽፋለሁ?

የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ ላይ አይጫንም። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች እዚሁ ላይ ያቆማሉ፤ ግን በድምፅ መጻፍ የለመደ እጅ ብዙም አይቸገርም።

ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ «አይባስ ኤም17ኤን» የሚባለውን ጥቅል ፈልገው ይጫኑ፤ «አይባስ» የሚጻፈው በላቲኑ አይ፣ ቢ፣ ዩ፣ ኤስ ነው። ከዚያ ሜኑው ውስጥ ኢንፑት ሜተድ የሚለውን ከፍተው አይባስን ይምረጡ፤ ከአካውንትዎ ወጥተው (ሎግ አውት ብለው) እንደገና ይግቡ። ይህን ዘልለው «አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሲመለሱ የአይባስ ፕሪፈረንስ ውስጥ ኢንፑት ሜተድ በሚለው ገጽ አድ ይበሉ፤ ከቋንቋዎቹ አማርኛን፣ ከሥሩ «ሴራ» የሚለውን ይጨምሩ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚቀያየሩት የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው ስፔስን በመንካት ነው።

ሴራ ፊደሉን በድምፁ ነው የሚያወጣው። የላቲኑን ኤስ ነክተው ኢ ሲያስከትሉ «ሰ» ይሆናል፤ ኤልና ኤ «ላ» ይሰጣሉ፤ ኤም ብቻውን «ም» ነው። «ሰላም» በአምስት ንክኪ አለቀ። «ጠ» በትልቁ ቲ፣ «ጨ» በትልቁ ሲ፣ «ሸ» በኤክስ ይጻፋል። «ት» ፈልገው «ጥ» የሚመጣብዎ ከሆነ ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ ካፕስ ሎክ በርቶ ነው። ይህ አቀማመጥ ካልተመቸዎት ኪይማን የሚባለው ፕሮግራም ለሊኑክስም ስላለ የእሱን የአማርኛ ኪቦርድ ይሞክሩ። በዓይን ሳያዩ በአማርኛ ታይፕራይተር አቀማመጥ የሚጽፍ የቆየ ጸሐፊ ግን እጁን እንደገና ማስተማር ይኖርበታል፤ ለእሱ የሊኑክስ ዋጋ ይኼ ነው።

ሐዋሳ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ኪቦርድ መቀየር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ሊኑክስ ላይ በወርድ ፈንታ የሚሠራው ሊብሬኦፊስ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ስለሚያስብ እያንዳንዱን ቃል በቀይ ያሰምርበታል። ቱልስ ውስጥ ላንጉጅ፣ ከዚያ ፎር ኦል ቴክስት፣ ከዚያ ነን የሚለውን ሲመርጡ ቀዩ መስመር ይጠፋል።

በፊት የጻፍኳቸው ሰነዶች ምን ይሆናሉ?

ይህ በደንብ ሊታወቅ ይገባል፤ የቢሮ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ የግዕዝ ፊደላት በ1999 በፈረንጆቹ ገቡበት። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቁጥር ላይ ሣሉት። ስለዚህ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ የአማርኛ ልብስ የለበሰ ላቲን ነው። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቅና ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ትርምስ ይታያል። ፋይሉ ተበላሸ ብለው አይሰርዙት። ዊንዶውሱ ላይ ያለውን የፎንት ፋይል በፍላሽ አምጥተው ሊኑክስ ላይ ሁለቴ ይንኩት፤ ኢንስቶል የሚል ቁልፍ ይመጣል። ሊብሬኦፊስን ዘግተው ሲከፍቱ አማርኛው ይመለሳል።

በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ይህ አይደርስበትም፤ ይነበባል። የሚደርስበት ሌላ ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ ሲያጣው አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉትን ይተካበታል። የእነዚህ ፊደላት ስፋትና የመስመር ከፍታ ስለሚለይ መስመሩ ይገፋል፤ ሦስት ገጽ የነበረው ደብዳቤ አራት ይሆናል፤ የፊርማና የማኅተም ቦታው ብቻውን ቀጣዩ ገጽ ላይ ይወርዳል። እዚህም ያንኑ ፎንት መጫን ይፈታዋል። ወደ ኮፒ ቤት በፍላሽ ሲወስዱ ግን የወርዱን ፋይል አይውሰዱ፤ ፋይል ውስጥ ገብተው ኤክስፖርት አዝ ፒዲኤፍ ይበሉና ፒዲኤፉን ይስጡ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ኮፒ ቤትም እርስዎ ያዩትን ያትማል።

ሊብሬኦፊስ የወርድ፣ የኤክሴልና የፓወርፖይንት ፋይሎችን ይከፍታል፣ መልሶም በዚያው ዓይነት ያስቀምጣል። ኤክሴል ውስጥ ማክሮ (ሥራውን በራሱ የሚያስኬድ ትንሽ ፕሮግራም) ያላቸው ፋይሎች ግን ብዙ ጊዜ ይሰናከላሉ። ደመወዝ የሚሰላው በማክሮ ከሆነ ያንን ኮምፒውተር አይንኩት።

ጭራሽ የማይሠራውስ?

ፒችትሪ፣ አውቶካድ፣ ፎቶሾፕ የሊኑክስ ቅጂ የላቸውም። ሒሳብ ሠራተኛ፣ አርክቴክት ወይም የፎቶ ቤት ባለሙያ ከሆኑ ዊንዶውስ ጋር ይቆዩ ወይም ሁለቱን አብረው ያኑሩ። ዋይን የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ አስተርጓሚ አለ፤ ለትንንሽ ፕሮግራሞች ይረዳል፣ የእንጀራ ጉዳይ ግን አይጣልበትም። በብሮውዘር የሚሠራ ነገር ሁሉ፣ ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ የኢንተርኔት ባንኪንግ፣ ልዩነቱ አይታወቅም። ፕሮግራም የሚጫነው ደግሞ ስልክ ላይ እንደ ፕሌይ ስቶር ከሶፍትዌር ማናጀር ነው፤ ከድረ ገጽ የወረደ የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል ሁለቴ ቢነኩት አይከፈትም።

ፕሪንተርና ዋይፋይ ለምን ያስቸግራሉ?

ሞተሩ ብዙ ዕቃ ያውቃል፤ አንዳንድ አምራቾች ግን ዕቃው የሚታዘዝበትን ቋንቋ አይገልጹም ወይም የራሳቸውን ዝግ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያዝዝ ሶፍትዌር) ብቻ ይሰጣሉ። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ 1102ን ሲሰኩት ሚንት ስሙን ጠርቶ ይቀበለዋል፤ ማተም ሲያዝዙ ግን ወረቀት ላይወጣ ይችላል። ይህ ሞዴል ከኤችፒ የሚወርድ ተጨማሪ ቁራጭ ሶፍትዌር ይፈልጋል፤ ኢንተርኔት ኖሮ ሲወርድለት ይሠራል። ካነን ኤል ቢ ፒ 2900 ከዚህ የባሰ ነው፤ የሊኑክስ ድራይቨሩ ያረጀ ስለሆነ በአዲሶቹ ሲስተሞች ላይ ማስነሳት ለባለሙያም አድካሚ ነው። አዲስ ፕሪንተር የሚገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ «ኤርፕሪንት» የሚል ካለ ያለ ድራይቨር የማተም ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዋይፋዩ ካልታየ፣ በተለይ ብሮድኮም ቺፕ ባላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ላይ፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ በዋይፋይ ነው። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ስልክዎ ነው። አንድሮይዱን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና ሴቲንግስ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን ያብሩ፤ ሚንት እንደ ኬብል ኔትወርክ ያነበዋል። ከዚያ ድራይቨር ማናጀር የሚያስፈልገውን ራሱ ይጠቁማል። የስልክ ዳታ ስለሚቆጥር የመጀመሪያውን ትልቅ ማሻሻያ ለዋይፋይ ያቆዩት፤ የማሻሻያ ዝርዝሩ የእያንዳንዱን መጠን ያሳያል።

ፍላሽ ቫይረስስ?

ከኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው የሚገኙበትን ነገር የማያውቅ የለም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በምትኩ ራሱን የሚያስነሳ ሾርትከት ያስቀምጣል። ይህ የዊንዶውስ ተንኮል ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ያንን ፍላሽ ሚንት ላይ ሲሰኩት ሾርትከቶቹ ሞተው ይታያሉ፤ የተደበቀው ፎልደርም፣ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ሊኑክስ ስለማያከብረው፣ ፊት ለፊት ይወጣል። አንዳንዴ ፋይሎቹ ስም የሌለው ባዶ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ። ፋይሎችዎን ያውጡ፣ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ፣ አለቀ። ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ የሚንት ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ያዋጣል።

መብራት ድንገት ቢጠፋ?

የሊኑክስ ዲስክ አሠራር እንደ ጠንቃቃ ባለሱቅ ነው፤ ዱቤውን መጀመሪያ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ዕቃውን ከዚያ ያወጣል። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ሲመለስ ደብተሩን አይቶ የቀረውን ያስተካክላል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያስታውቅ ይነሳል። አልፎ አልፎ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ መጥቶ ትእዛዝ ሊጠብቅ ይችላል። ፎርማት አስደርጉት የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይቸኩሉ። በመጫኛ ፍላሹ አስነስተው ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ይክፈቱ፣ የሊኑክሱን ክፍል ይምረጡ፣ ከባለ ጥርስ ጎማው ምልክት ሪፔር ፋይል ሲስተም ይበሉ። ያላስቀመጡት ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላል፤ ሲስተሙ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ማሻሻያ እየጫነ ሳለ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሲነሳ ኢስኬፕን (በአሮጌዎቹ ሺፍትን) ነክተው ከሚመጣው ሜኑ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሪከቨሪ ሞድ ይግቡ፤ የተቋረጡ ጥቅሎችን የሚጠግን መስመር እዚያ አለ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ደመና ሲያጉረመርም ማሻሻያ አይጀመርም።

ሁለቱንም አብሬ ማኖር እችላለሁ?

ይቻላል፤ ሲጫን «ከዊንዶውስ ጎን» የሚለውን አማራጭ ይመርጣሉ። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ግን ፎቶውንም፣ ሰነዱንም፣ ዊንዶውሱንም ጠርጎ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ የትኛውንም ቢመርጡ ፋይሎችዎን ቀድመው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ዊንዶውሱ ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ መቆለፊያ ካለው ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ላይ ገብተው ያጥፉ፤ እሱ ሲበራ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ፋይሎች አንብቦ መጻፍ ግን ሊከለከል ይችላል።

የመጨረሻው ሰዓቱ ነው። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገሩ ሰዓት ያነበዋል፤ ሊኑክስ የግሪንዊችን ነው የሚያስቀምጥበት። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ሊኑክስ ላይ ውለው ዊንዶውስ ሲከፍቱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ላፕቶፑ 1 ሰዓት ነው ይላል። ይህ ከሀበሻና ከፈረንጅ ሰዓት ልዩነት ጋር አይገናኝም፤ ያ 6 ሰዓት ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪም አላለቀም፤ ባትሪው ቢሆን ቀኑም አብሮ ይዘባረቃል። ዊንዶውሱ ላይ የቀንና ሰዓት ሴቲንግ ውስጥ ሲንክ ናው ሲሉ ለጊዜው ይስተካከላል። እንዳይመለስ ከተፈለገ ሊኑክሱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በአገር ሰዓት እንዲይዝ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይደረጋል፤ የሚጭንልዎት ባለሙያ ካለ ከመሄዱ በፊት ያሠሩት።